ካዲላክ ወይስ መርሴዲስ? በባሕረ ሰላጤው የአሮጌ ቅንጡ መኪኖች ሰብሳቢ የሚመዝነው ምንድን ነው?

ዶሃ፣ ሙሸይሪብ - በቀጠር ርዕሰ ከተማ መሃል የሚገኘው የሙሸይሪብ ሰፈር ስያሜው የውሃ መጠጫ ስፍራ ማለት ነው። በአዲስ መልክ የታነጸው ይህ ሰፈር ለእግረኛው ጥላ ያለው መተላለፊያ፣ ለተሳፋሪው ትራምና ሦስት የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙበት ጣቢያ ሲያቀርብ፣ አብዛኞቹን መኪኖች ግን ከመሬት በታች ወደተሠሩ ማቆሚያዎች አውርዷቸዋል። እዚያው ሰፈር ውስጥ ካሉት አራት ሙዚየሞች አንዱ የሆነው “የኩባንያው ቤት” የአገሪቱን የመጀመሪያ የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኞች ታሪክ ይዘክራል። ከሙዚየሙ ብዙም ሳይርቅ በዶሃ ከሁሉ አስቀድሞ የመብራት ብርሃን ያየው የአል-ካህራባ ጎዳና ይገኛል።

ቀጠር የመጀመሪያውን ነዳጅ ወደ ውጭ የላከችው በ1949 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ነበር። ነዳጁ መኪናን አመጣ፤ መኪናው ከተማዋን አሰፋት፤ ከተማዋ ደግሞ ዛሬ መኪናውን ከዓይን መሰወር ጀምራለች። በዚህ ዑደት መካከል የትናንቱ ቅንጡ መኪና ከመጓጓዣነት ወጥቶ ወደ ቅርስነት ተሸጋግሯል። ከዶሃ በስተምዕራብ በዱኻን መንገድ የሚገኘውና በ1998 የተከፈተው የሼኽ ፈይሰል ቢን ቃሲም ኣል ሣኒ ሙዚየም ከእስላማዊ ጥበብ ሥራዎች ጋር እጅግ በርካታ አሮጌ መኪኖችን ይዟል። የቀጠር ሙዚየሞች ተቋምም በ2022 ካስተዋወቃቸው ሦስት አዳዲስ የሙዚየም ፕሮጀክቶች አንዱ የመኪና ሙዚየም ነው። በ2023 ጥቅምት ወር ደግሞ የጄኔቫው ዓለም አቀፍ የመኪና ትርዒት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስዊዘርላንድ ወጥቶ በዶሃ ተካሂዷል።

ይህ እንቅስቃሴ ባለጸጎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መኪኖቹን የሚያጥቡ፣ የሚነዱ፣ የሚጠግኑና የሚጠብቁ በርካታ እጆች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የኢትዮጵያውያን እጆች ይገኙበታል። በዓመታት ድካም ጥሪት ከያዙት መካከልም አንድ አሮጌ መርሴዲስ ወይም አንድ ካዲላክ ገዝቶ ማስቀመጥን ከወርቅና ከመሬት ጋር እያነጻጸረ የሚያስብ አይጠፋም። ስለዚህ ጥያቄው የምርጫና የስሜት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። የአሜሪካና የጀርመን አሮጌ ቅንጡ መኪኖች በምን ይለያያሉ? ሰብሳቢውስ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን ማወቅ ይገባዋል?

ሁለት የቅንጦት አስተሳሰቦች

የአሜሪካ ቅንጡ መኪና የተወለደው ሰፊ መንገድና ርካሽ ነዳጅ ባለበት አገር ነው። ካዲላክ በ1930 መጀመሪያ ላይ ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር ያለው መኪና ለገበያ ሲያቀርብ፣ የሞተሩ ይዘት 7.4 ሊትር ነበር። መኪናው ምርቱ በ1940 እስኪያበቃ ድረስ 4,076 ያህል ተሠርቷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተሸጠው ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ሳይበረታ በመጀመሪያው ዓመት ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው ዱዘንበርግ ሞዴል ጄ በ500 የማይሞላ ቁጥር ተመርቶ ፋብሪካው በ1937 ተዘጋ። እነዚህ መኪኖች ዛሬ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ የክብሩን ሥፍራ የያዙ ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ኩባንያዎች በየዓመቱ የመኪናውን ገጽታ መለወጥን ዋነኛ የንግድ ስልት አደረጉት። የጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ኃላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል ከጦር አውሮፕላን ጅራት የወሰደውን ሐሳብ በ1948ቱ ካዲላክ ላይ ካሳየ በኋላ፣ ጅራቱ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በ1959 ከፍተኛውን ደረጃ ያዘ። ኤሌክትሪክ መስኮት፣ ራሱን የሚቀይር ማርሽ፣ ኃይል ያለው መሪና የአየር ማቀዝቀዣ በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የተለመዱት ከአውሮፓውያኑ ቀድመው ነው። ቅንጦት ማለት ለአሜሪካዊው መሐንዲስ ተሳፋሪው መንገዱን ሳይሰማው እንዲጓዝ ማድረግ ነበር።

የጀርመኑ አስተሳሰብ ከዚህ የተለየ ነው። ቅንጦት ማለት ለጀርመናዊው መሐንዲስ ማሽኑ ያለ ስህተት መሥራቱ፣ በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ሳይቀር ትክክል መሆኑ ነው። ገጽታው በየዓመቱ አይለወጥም፤ አንድ ሞዴል ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በጥቃቅን ማሻሻያ ብቻ ይመረታል። ለዚህ ግልጹ ምስክር ከ1963 እስከ 1981 የተመረተው መርሴዲስ 600 ነው። በ18 ዓመታት ውስጥ የተሠሩት 2,677 ብቻ ናቸው። መስኮቱ፣ መቀመጫውና የዕቃ መጫኛው ክዳን የሚንቀሳቀሱት በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይሆን በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ የዘይት መሥመር በመሆኑ አንዳች ድምፅ አይሰማም። የኢራኑ ሻህ፣ የዩጎዝላቪያው ቲቶና አሜሪካዊው ድምፃዊ ኤልቪስ ፕሪስሊ በአንድ የምርጫ ዝርዝር ላይ የተገናኙት በዚህ መኪና ነው።

ያለ አሜሪካ ያልታሰበው የጀርመን ክብር

ይሁንና ሁለቱን ታሪኮች ጨርሶ ነጣጥሎ ማየት ስህተት ላይ ይጥላል። በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሚታወቁት የጀርመን መኪኖች ሁሉ ስሙ የገነነው መርሴዲስ 300 ኤስኤል፣ በሮቹ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት መኪና፣ ለሕዝብ የታየው በጀርመን ሳይሆን በ1954 በኒውዮርክ ነበር። መኪናው ከውድድር ሜዳ ወጥቶ ለገበያ እንዲቀርብ የወተወተው በኒውዮርክ የአውሮፓ መኪኖችን የሚያስመጣው ነጋዴ ማክስ ሆፍማን ነው። እስከ 1957 ከተሠሩት 1,400 ባለ ክንፍ በር መኪኖች የሚበዙት የተሸጡት ለአሜሪካውያን ነበር።

የቢኤምደብሊው 507 ታሪክም ተመሳሳይ መነሻ አለው፤ ፍጻሜው ግን መራራ ነው። ይህም በሆፍማን ግፊት ለአሜሪካ ገበያ ታስቦ ተሠራ። ነገር ግን የማምረቻ ወጪው ከታሰበው በላይ በመናሩ ዋጋው ገዢውን አሸሸ፤ ከ1956 እስከ 1959 የተመረተው 252 ያህል ብቻ ሆነ። ኩባንያው በ1959 ከውድቀት አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያን ጊዜው ኪሳራ ለዛሬው ሰብሳቢ ብርቅዬነት ሆነለት። ገበያው ትናንት የናቀውን ዛሬ እንደሚያነሣ ይህ መኪና ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። የጀርመኑ መኪና የጥራት ዝና ያለ አሜሪካዊው ገዢ ገንዘብ ይህን ያህል አይገንንም ነበር፤ አሜሪካዊው አምራችም የጀርመን መኪኖች ገበያውን እየነጠቁት መሆኑን ባየ ጊዜ የቅንጦትን ትርጉም እንደገና ለማሰብ ተገድዷል።

ሁለት ክፍት መኪኖች ጎን ለጎን

ንጽጽሩን ከስሜት ለማውጣት ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን ማቆም ይበጃል። አንደኛው የ1959 ካዲላክ ኤልዶራዶ ቢያሪትዝ ነው፤ ጣሪያው የሚከፈት፣ ጅራቱ የገነነ፣ በዚያ ዓመት 1,320 ብቻ የተሠራ። ሁለተኛው ከ1969 እስከ 1971 የተመረተው መርሴዲስ 280 ኤስኢ 3.5 ካብሪዮሌ ነው፤ ይህም ጣሪያው የሚከፈት ሲሆን ብዛቱ 1,232 ነው። በቁጥር ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁለቱም በደህና ይዞታ ከተገኙ ዋጋቸው ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው።

በቀሩት ነገሮች ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ካዲላኩ 5.7 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ2 ቶን በላይ ክብደት አለው። መርሴዲሱ ከ5 ሜትር ያነሰ ሲሆን ክብደቱም ከካዲላኩ ብዙ ይቀንሳል። የካዲላኩ ሞተር 6.4 ሊትር፣ የመርሴዲሱ 3.5 ሊትር ነው፤ ሁለቱም ባለ 8 ሲሊንደር ናቸው። ካዲላኩ ነዳጁን በካርቡሬተር ሲቀበል፣ መርሴዲሱ በኤሌክትሮኒክስ በሚመራ መርጫ ይቀበላል።

በወረቀት ላይ ካዲላኩ 345፣ መርሴዲሱ 200 የፈረስ ጉልበት እንዳላቸው ይነበባል። ይህን ቁጥር ያለ ማብራሪያ የሚቀበል ገዢ ይሳሳታል። የአሜሪካ አምራቾች እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሞተርን ጉልበት የሚለኩት ዲናሞውን፣ የጭስ ማውጫውን ሙሉ መሥመርና ሌሎች ጉልበት የሚቀንሱ ዕቃዎችን ፈትተው ነበር። ጀርመኖቹ የሚለኩት ደግሞ ሞተሩ በመኪናው ላይ ተገጥሞ በሚሠራበት ሁኔታ ነው። በመሆኑም የሁለቱ እውነተኛ ልዩነት ወረቀቱ ከሚያሳየው እጅግ ያነሰ ነው። በአሮጌ መኪና ገበያ ቁጥርን ከመጥቀስ በፊት ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ የመጀመሪያው ጥበብ ነው።

የአሜሪካ መኪና በባሕረ ሰላጤው ለምን ተወደደ?

የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ ለአሜሪካ መኪና ያለው ፍቅር ከነዳጅ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1933 የካሊፎርኒያ ስታንዳርድ ኦይል በሳዑዲ ዓረቢያ ነዳጅ የመፈለግ ስምምነት ከፈረመ በኋላ፣ ከኩባንያው ጋር የአሜሪካ መሐንዲሶችና ማሽኖቻቸው፣ የአሜሪካ መኪኖችም አብረው መጡ። ነዳጅ ርካሽ በሆነበት፣ መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ በሆነበት ምድር ብዙ ነዳጅ መጠጣት እንደ ነውር አይቆጠርም። ዋነኛው ነገር ግን ማቀዝቀዣው ነበር። ፓካርድ በ1940 በፋብሪካ የተገጠመ የአየር ማቀዝቀዣ ያቀረበ የመጀመሪያው አምራች ሲሆን፣ ካዲላክ ደግሞ በ1964 ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር ሥርዓት አስተዋወቀ። በዶሃ የሐምሌ ቀትር ይህ ትርፍ ነገር ሳይሆን የመኖር ጉዳይ ነው።

ሆኖም የዚህ ምድር አየር ሁለቱንም ዓይነት መኪኖች ይፈትናል። ሙቀቱ ጎሚኒውን ያደርቃል፤ ደረቁ አየር የእንጨት ጌጡን ይሰነጥቃል፤ ከባሕር የሚነሣው ጨው ያዘለ እርጥበት ከሥር ሻንሲውን ይበላል፤ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። በዚህ ረገድ የአሜሪካው ሞተር ቀላልነት ይጠቅማል። ብረቱ ወፍራም፣ አሠራሩ ግልጽ፣ ካርቡሬተሩም ማንኛውም ልምድ ያለው መካኒክ ፈትቶ የሚያጥበው ነው። በአንጻሩ እንደ መርሴዲስ 600 ያለ መኪና በየመሥመሩ ያሉት ማኅተሞችና ቧንቧዎች ሲደርቁ ዘይቱ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ጥገናውም ልዩ ዕውቀት ይጠይቃል። ርካሽ የሚመስል መርሴዲስ 600 ገዝቶ የመኪናውን ዋጋ ያህል ለጥገና ማውጣት በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ አደጋ ነው።

ይህ ማለት ግን አሜሪካኖቹ ሁሉ ቀላል ናቸው ማለት አይደለም። በ1957ና በ1958 በ704 ቁጥር ብቻ የተሠራው ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም በሞላ ፋንታ በአየር የሚቆም ሥርዓት ነበረው። አየሩ እየሾለከ ስላስቸገራቸው ብዙ ባለቤቶች አውጥተው በተራ ሞላ ተኩበት። ዛሬ ገዢው የመጀመሪያው ሥርዓት መኖር አለመኖሩን መጠየቁ የግድ ነው፤ ዋጋው በዚያ ይለያልና።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ነዳጁ ነው። ከ1970ዎቹ በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ሞተሮች ለሊድ ቅይጥ ቤንዚን የታሰቡ ነበሩ። በ2021 አልጄሪያ ሽያጩን ካቆመች ወዲህ ይህ ቤንዚን በዓለም ላይ ለመንገድ መኪና አይሸጥም። ሊድ አልባው ነዳጅ በረጅም ጊዜ የቫልቭ መቀመጫዎችን ሊበላ ስለሚችል፣ ሞተሩ ሲታደስ ጠንካራ መቀመጫ የተገጠመለት መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ዋጋ፣ ጨረታና መለዋወጫ

የጨረታው ዓለም ከፍተኛ ቁጥሮች ለማን ያደላሉ? በ2022 ግንቦት ወር በሽቱትጋርት በተካሄደ ጨረታ ከሁለቱ 300 ኤስኤልአር ኡለንሃውት ኩፔዎች አንዱ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ፤ በጨረታ ከተሸጡ መኪኖች ሁሉ ከፍተኛው ዋጋ ሆነ። ሻጩ አምራቹ ራሱ ሲሆን ገቢው ለትምህርት ድጋፍ እንዲውል ተወስኗል። በአሜሪካ በኩል ደግሞ በ2018 ነሐሴ ወር በካሊፎርኒያ የፊልም ተዋናዩ ጋሪ ኩፐር የነበረ የ1935 ዱዘንበርግ ኤስኤስጄ በ22 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህም ከሁለቱ አንዱ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች አርዕስት ያደምቃሉ እንጂ ለተራው ሰብሳቢ መመሪያ አይሆኑም። ውድድር ሜዳ ውስጥ ታሪክ ያለው መኪና እና በፋብሪካ በብዛት የተሠራ መኪና በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ከ1979 እስከ 1991 የተመረተው የመርሴዲስ ኤስ ክፍል፣ በፋብሪካ መለያው ደብሊው 126፣ ባለ አራት በሩ ብቻ ከ818 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ደብሊው 123 ደግሞ ወደ 2.7 ሚሊዮን ይጠጋል። እነዚህ መኪኖች ጠንካሮች፣ ውቦችና ተወዳጆች ናቸው፤ ነገር ግን ብርቅ አይደሉም። ብርቅ የሚሆነው ከመካከላቸው አንድም አደጋ ሳይደርስበት፣ ቀለሙ ሳይለወጥ፣ ሰነዱ ሳይጠፋ የቆየው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ትዝታ ውስጥ ትልቅ ሥፍራ ላለው ለሼቭሮሌ ካፕሪስም ይኸው ደንብ ይሠራል።

በመለዋወጫ ረገድ ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መንገድ ይጓዛሉ። መርሴዲስ በጀርመን ፌልባኽና በካሊፎርኒያ ለአሮጌ መኪኖቹ የተለዩ ማዕከላት አሉት፤ በርካታ ዕቃዎችን እንደገና ያስመርታል። ዕቃው ትክክለኛ፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የአሜሪካ መኪኖች ደግሞ በትናንሽ አምራቾች ሰፊ መረብ ይደገፋሉ። የታወቁ ሞዴሎች ዕቃ በቅናሽ ይገኛል፤ ሆኖም ጥራቱ ከአምራች አምራች ይለያያል። በጥቂት ቁጥር ለተሠሩት ሞዴሎች ደግሞ የአንድ ጌጥ ወይም የአንድ መስታወት መጥፋት ለወራት ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ሞተሩ የማይነሣ ግን ሙሉ የሆነን መኪና፣ ሞተሩ እየሠራ ጌጣጌጡ ከጎደለው ያስበልጣሉ። ሞተር ይጠገናል፤ የጠፋ ጌጥ ግን ፍለጋው ረጅም ነው።

ሰነድ፣ ሐቅና ዘካ

የአሮጌ መኪና ግማሽ ዋጋው ወረቀቱ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርሴዲስ ለእያንዳንዱ መኪና በፋብሪካው የተያዘ የመረጃ ካርድ አለው፤ የመጀመሪያው ቀለም፣ የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር፣ መኪናው የተላከበት አገር ጭምር በላዩ ይገኛል። በአሜሪካ መኪኖችም ላይ በሻንሲውና በአካሉ የተመቱ ቁጥሮችና የመለያ ሰሌዳዎች አሉ። የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው መዝገብ ጋር የሚገጥም መኪና እና ሞተሩ የተቀየረ መኪና ለዓይን አንድ ቢመስሉም በዋጋ ብዙ ይራራቃሉ። ሊብሬውን አይቶ ብቻ ገንዘብ መቁጠር ከዚህ የተነሣ አደገኛ ነው።

ለሙስሊሙ ሰብሳቢ ደግሞ ጉዳዩ ከገበያ ብልህነት አልፎ ወደ ሐላልና ሐራም ይደርሳል። የዕቃን ነውር እያወቁ ደብቆ መሸጥ በሸሪዓው ማታለል ነው፤ ነውሩ ከሽያጭ በፊት የነበረ መሆኑ ሲገለጥም ፉቀሃዎች ለገዢው የመመለስ መብት ሰጥተዋል። ዝገትን በአዲስ ቀለም ሸፍኖ “እንዳለ ነው” ብሎ ማስረከብ፣ የተቀየረ ሞተርን የፋብሪካ ነው ማለት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪን መመለስ ሁሉ በዚሁ ሥር ይወድቃሉ። ለማይጠቅም ትርፍ ነገር በወለድ ብድር ውስጥ መግባትም ገና ከመጀመሪያው በረካውን ያሳጣል።

የዘካው ጥያቄም በብዙዎች የሚዘነጋ ነው። መኪናውን ለራሱ መገልገያና ለደስታው የያዘ ሰው በመኪናው ላይ ዘካ የለበትም። ለመነገድ አስቦ የገዛው ግን እንደማንኛውም የንግድ ዕቃ ይቆጠራል፤ ኒሳብ ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተገምቶ 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ዋጋው እስኪጨምር ለዓመታት አስቀምጦ በሚጠብቅ ነጋዴ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። አብዛኞቹ ሊቃውንት በየዓመቱ ይወጣል ሲሉ፣ የማሊኪያ መዝሀብ ሲሸጠው የአንድ ዓመት ብቻ እንዲያወጣ ይላል። በመሆኑም ሰብሳቢው መኪናውን ሲገዛ ኒያው ምን እንደሆነ ከራሱ ጋር መነጋገር አለበት። ለዓይን ደስታ ነው ብሎ ከዘካ የሸሸ፣ ወዲያው ደግሞ ለወዳጁ ስለሚያገኘው ትርፍ የሚያወራ ሰው ሒሳቡ ከገበያው ጋር አይደለም።

ከአዲስ አበባ ሲታይ

ኢትዮጵያ ከመኪና ጋር የተዋወቀችው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ ከተፎካከሩት ሁለት መኪኖች አንዱን እንግሊዛዊ፣ ሌላውን ጀርመናዊ አምጥተውታል። የጀርመንና የአሜሪካ መኪኖች በቀጣዩ ዘመን በአንድ ንጉሥ ሕይወት ውስጥ የጻፉት ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ የሚልቅ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ የተቀመጡበት ሠረገላ ቀድሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ቪልሄልም ንብረት ነበር። በ1963 ጥቅምት መባቻ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ደግሞ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጎን በክፍት ሊንከን ኮንቲኔንታል ተቀምጠው በሕዝብ መካከል አለፉ። ከሰባት ሳምንታት በኋላ ኬኔዲ በዳላስ በክፍት ሊንከን ኮንቲኔንታል ላይ ሳሉ ተገደሉ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው ሲያወጣ፣ ያ ሁሉ ቅንጡ መኪና ባለበት ግቢ የቀረበላቸው አንዲት ቮልስዋገን ነበረች። ያቺ ታናሽ የጀርመን መኪና በኢትዮጵያውያን ትዝታ ውስጥ ከማንኛውም ካዲላክ በላይ ክብደት ያላት በዚህ ምክንያት ነው። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ታድሶ በሙዚየምነት ለሕዝብ ሲከፈት፣ ከዚያ ዘመን የተረፉት መኪኖች ለጎብኚዎች እይታ ቀርበዋል።

የባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ኢትዮጵያዊ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ስለዚህ በዶሃ ወይም በዱባይ ገዝቶ “ኋላ አገር ቤት አስገባዋለሁ” የሚለው ዕቅድ መሠረት የለውም። መኪናው በተገዛበት አገር የሚቀመጥበት፣ የሚታደስበትና የሚሸጥበት መንገድ አስቀድሞ ካልታሰበ ጥሪቱ በሰው አገር ጋራዥ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

በሌላ በኩል ክልከላው አገር ቤት ላሉት አሮጌ መኪኖች አዲስ ትርጉም ሰጥቷቸዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እስከ ዛሬ የሚታዩት ቮልሶች፣ በየጋራዡ ጥግ በሸራ ተሸፍነው የቆሙት የ1970ዎቹ መርሴዲሶች ከእንግዲህ በሌላ አይተኩም። በእጃቸው ላሜራ ቀጥቅጠው የጎደለውን የሚሠሩ ባቲላሜራዎች፣ ካርቡሬተርን በድምፁ የሚያውቁ መካኒኮችም በዕድሜ እየገፉ ነው። ዓለም በኤሌክትሪክ ወደሚሠራ መኪና ሲዞር የሚጠፋው መኪናው ብቻ ሳይሆን ይህ ዕውቀትም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የታደሰ አሮጌ መኪና ትልቁ ወጪ የባለሙያ የሥራ ሰዓት መሆኑን ያወቀ ሰው፣ የአዲስ አበባው አሮጌ ጋራዥም ሆነ በዶሃ ሰናዒያ የሚሠራው ወጣት ምን ያህል ሀብት በእጁ እንደያዘ ይረዳል።

ታዲያ የትኛው?

ንጽጽሩ ሲጠቃለል አንዱን አንግሦ ሌላውን የሚሽር ፍርድ አይገኝም። በየጊዜው ሊነዳው የሚፈልግ፣ ሰፊ ማቆሚያ ያለው፣ ጥገናውን በአካባቢው መካኒክ ለማሠራት ያሰበ ሰው ከታወቁት የአሜሪካ ሞዴሎች አንዱን ቢመርጥ ይቀለዋል። ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥን ያቀደ፣ የተሟላ ሰነድ ያገኘና የጥገናውን ወጪ አስቀድሞ የመደበ ሰው ደግሞ በጀርመኑ አይጸጸትም። ውስን ጥሪት ይዞ ወደዚህ ገበያ የሚገባ ሰው ግን የመጀመሪያ ጥያቄው “ካዲላክ ወይስ መርሴዲስ” መሆን የለበትም። “ይህ ገንዘብ ቢታሰር ቤተሰቤ ይጎዳል?” የሚለው ይቅደም። አሮጌ መኪና ሲያስፈልግ በማግስቱ እንደ ወርቅ አይሸጥም፤ ቆሞም ይበላል።

በሙሸይሪብ መኪናው ከመሬት በታች ወርዷል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራው አዲስ መኪና ከድንበር እንዲቀር ተወስኗል። የዘመኑ አቅጣጫ ግልጽ ነው። በዚህ መካከል አሮጌውን መኪና የሚያቆየው ዋጋው ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ከሌለ ካዲላኩም መርሴዲሱም የሚያብረቀርቅ ብረት ብቻ ሆነው ይቀራሉ።